ፎቶ አትጠይቀኝ

ሸርቆሌ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዩኤል፣

ሰላምታዬ ከሸርቆሌ አቧራ ጋር ተደባልቆ ይድረስህ። በደኅና መግባትህን ሐሴት ነገረችኝ። ያንን እስክሰማ እህል አልጣመኝም ብልህ እዋሻለሁ፤ እህልስ ጥሞኛል፣ እንዲያውም ከልኩ በላይ። ሐሳቤ ግን አላረፈም ነበር።

ስልኩን ስለጠየቅከኝ፦ የሸርቆሌው አንቴና ክረምት ላይ እንደተበላሸ ነው። ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ይወጣል። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ሲደርስ ጊዜ ተውኩት። እንደተስማማነው ይሁን። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ኡመር በሚኒባሱ አሶሳ ያደርስልኛል፣ ሐሴት ዩኒቨርሲቲ ቢሮዋ ውስጥ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ያንተንም አትማ በዚያው ሚኒባስ ትሰድልኛለች። ታነበዋለች ብለህ አትፍራ፤ «ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማነሣው» ብላ ምላለች። ኡመር ደግሞ «ደብዳቤያችሁ ከጤፍ ኩንታል በላይ ከበደኝ» እያለ ያሾፍብኛል።

የት አረፍሽ ላልከው፣ ብኸይታ የምትባል የበርታ ሴት ቤት ነው። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆቿ አሶሳ ናቸው፤ ከግቢዋ አንዱን ክፍል ሰጠችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ትናንት የገንፎ ሳህኔን ስጠርግ አየችኝና፣

«ያ ቢንቲ፣ አንተ ብዙ ይበላል። ሥጋ ግን የለም። የት ይሄዳል?» አለችኝ፤ «ቢንቲ» ልጄ ማለቷ ነው።

«እኔ ምን ዐውቄ» አልኳት።

«ወላሂ፣ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። እሱ ይበላል።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳህኔን ተቀብላ እንደገና ሞላችልኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሰጥተውኛል። «መምህርት መጣ» ይሉኛል፤ «መጣች» እላለሁ፤ «አዎ፣ መጣ» ይላሉ። ልጆቹ ደጎች ናቸው።

ፎቶ ላኪልኝ ላልከው፣ አሁን አይሆንም። ፀሐዩ አክስሎኛል፣ ፀጉሬንም አልተሠራሁም። የሠርጋችንን ተመልከት።

በመጨረሻው መሥመር ላይ ደግሞ «አዲስ ነገር አለ?» ብለሃል። እዩ፣ ሴትን እንዲህ አያጣድፏትም። ሲኖር እነግርሃለሁ። እስከዚያ ዝም በል፤ ዝም ብለህም ጸልይልኝ።

ከሄድክ ወዲህ መቀርቀሪያውን ደጋግማ የምትፈትሸው፣
የወርቅውሃ


ሃይደራባድ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

የወርቄ፣

ደብዳቤሽን ስልኬ ላይ እያሰፋሁ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሲያልቅብኝ ከላይ ጀመርኩ። እዚህ ከተማ መንገዱን የሞላው ባጃጅ ነው፤ ድምፁ ያው የአሶሳው ባጃጅ ድምፅ ነው። ማታ ከላብራቶሪ ስወጣ ዐይኔን ጨፈን ካደረግኩ አሶሳ መናኸሪያ በር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ስገልጠው አንቺ የለሽም።

«ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብለሽ በሐሴት በኩል የጠየቅሽኝን ለማንም ስመልስ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንገታችን ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፣ እንቅርት የሚወጣባት። የእሷን ሴሎች በሳህን አሳድጋለሁ። እንድትሠራ የሚያዝዛት ሆርሞን በደም ተጉዞ ይመጣል፤ ግን ሴሉ ውስጥ አይገባም። ውጭ፣ ሽፋኑ ላይ የቆመ ተቀባይ ይይዘዋል። ሆርሞኑ እዚያው ደጅ ይቀራል፣ መልእክቱ ብቻ ወደ ውስጥ ያልፋል። ልክ እንደ ሐሴት አስቢው፤ ወረቀትሽ አሶሳ ይቀራል፣ እኔ ጋ የሚደርሰው የጻፍሽው ነው።

እኔ የምሻው፣ እዚያ ተቀባይ ላይ ገብታ የምትቀመጥና የምታበርደው አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ተቀባዩ ልኩን አልፎ ይሠራል። ብናገኛት አንድ ቀን መድኃኒት ትሆን ይሆናል። ፕሮፌሰሬ «ይሆናል» የሚለውን ቃል ሳይጨምር ዐረፍተ ነገር አይጨርስም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ፊደልሽ ምን ነካው? የተማሪ እጅ ጽሕፈት የምታርሚው አንቺ፣ «ሸ» ላይ ያለችውን ሰረዝ እንኳ ማሳረፍ አቅቶሻል። ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ ነው የጻፍሽው?

ስለዚያኛው ጉዳይ ዝም ብያለሁ። ጸሎቱን ግን አልተውኩም።

እዩኤል


ሸርቆሌ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዩዬ፣

ዝምታዬ እንዳስከፋህ ዐውቃለሁ። ሐሴት በኡመር በኩል «ምን ልበለው?» እያለች ስትልክብኝ ነበር፤ እኔም የምመልሰው አጥቼ ነው። ይቅር በለኝ። ወባ ይዞኝ ነበር። አሁን ተነሥቻለሁ። ብኸይታ እንደ ልጇ አስታመመችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ድሮዋ አትቀልድብኝም፣ ዝም ብላ ታየኛለች።

አዲስ ነገር የለም። እባክህ ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

ስለ ፊደሌ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። ጠረጴዛው እግሩ ተሰብሯል።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው ብለህ በሐሴት በኩል ላስጠየቅከኝ፣ ልጆቹን እየበደልኳቸው ነው። ባለፈው ሰኞ አንዱ ከኋላ ሲስቅ ሰማሁና በቁጣ አስወጣሁት። በምን እንደሳቀ እንኳ አልጠየቅኩትም። ከዚያ እኔው ተከትዬ ወጣሁና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። እኔ እንደዚህ አልነበርኩም፣ አይደል? ቅዳሜ ሰፈራ መንደራችን አምባ 14 ሄጄ እማዬ ላይም ጮኽኩባት፤ ጨው በዛ ብዬ። እናቴ ከወሎ ስትሰፍር ያንን ሁሉ ችላ ያለፈች ሴት፣ በእኔ ጩኸት ሳህኑን አንሥታ ወጣች። ሰው በጠዋት ጋቢ ደርቦ ሲወጣ እኔ ውኃ ደፍቼብኝም ያልበኛል። ሙቀቱ ይሆናል።

መስተዋቱን ለብኸይታ መለስኩላት። ክፍሏ ውስጥ ይሻላል ብዬ።

ፎቶ አትጠይቀኝ። ይልቅ እኔ ልጠይቅህ፤ ፊቴን ታስታውሰዋለህ? ምን ዓይነት ነበር? ስታስታውሰው ጻፍልኝ፣ ሳታሳምር።

የወርቅውሃ


ሃይደራባድ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

የወርቄ፣

ፊትሽ ክብ ነው። ስትስቂ የግራ ዐይንሽ ከቀኙ ቀድሞ ይጠባል። ስትቆጪ ቅንድብሽ ሳይሆን አገጭሽ ነው የሚቆጣው። ሳላሳምር ይሄ ነው።

አሁን አንቺን የሚያስቆጣ ነገር ልጻፍ። ሐሴትን ግን አትውቀሻት፤ ጨንቋት ነው የነገረችኝ። አሶሳ ገበያ ውስጥ አይታሻለች። «ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ስጠራት ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች» አለችኝ። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርሽ? ሰው አግኝታለች አልኩ። በቅናት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ላብራቶሪም ሳልሄድ ዋልኩ።

ደብዳቤዎችሽን በተርታ ያነበብኳቸው ሰበብ ፈልጌ ልወቅስሽ ነበር። ሳነብ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ልብሽ ይመታል። ትበያለሽ፣ ትቀጥኛለሽ። በብርድ ያልብሻል። በትንሽ ነገር ትቆጫለሽ፣ ታለቅሻለሽ። ፊደልሽ ይንቀጠቀጣል። መነጽሩን ስጨምርበት ከወንበሬ ተነሣሁ።

ያ የነገርኩሽ ተቀባይ ነው፣ የወርቄ። የሰውነት መከላከያ አንዳንዴ ይሳሳትና ጠላት የሚይዝበትን እጁን የገዛ ራሱ ተቀባይ ላይ ያሳርፋል፤ ይዞም አይለቅም። አንቺ ምንም ሳትጽፊ ሐሴት «ደብዳቤ መጣ፣ ደብዳቤ መጣ» እያለች ቀን ከሌት ብትደውልልኝ ማለት ነው። ዕጢዋ እረፍት ታጣለች። ልብ ይሮጣል፣ ሥጋ ይነዳል። ያው ተቀባይ ከዐይን ኋላ ባለው ሥጋ ላይም አለ፤ እሱ ሲያብጥ ዐይንን ወደ ፊት ይገፋል። መነጽር ያስደረገሽ ይህ ከሆነ ንገሪኝ። ካልሆነም ስደቢኝ፣ በደስታ እሰደባለሁ።

እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊና ጣቶችሽ ላይ ወረቀት አኑሪ። ከተርገፈገፈ አንድም ቀን አትደሪ፣ አሶሳ ሆስፒታል ሂጂ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሴል በሳህን የማሳድግ ሰው ነኝ። ይህን በሽታ ግን ዐውቀዋለሁ። በየቀኑ የማየው እሱን ነው፣ ያንቺ መሆኑን ግን አላየሁም።

ደውዬ ደውዬ አቃተኝ። እባክሽ።

እዩኤል


አምባ 14፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዩኤል፣

ዛሬ የምጽፍልህ ከእማዬ ቤት ነው። እዚህ ስልክ ይሠራል። ትናንት ስትደውል ያላነሣሁት ጠልቼህ አይደለም፤ በስልክ ማልቀስ እንጂ መናገር አልችልም። በወረቀት ይሻለኛል።

ወረቀቱን ጣቶቼ ላይ አኖርኩት። ያንተኑ ደብዳቤ። እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። ያም ሆኖ በማግሥቱ ክፍል ገባሁ፣ ፈተና ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው። ወድቄያለሁ። ልጆቹ ተሸክመው አውጥተውኛል። ኡመር ተሳፋሪ ሳይሞላ ተነሥቶ አሶሳ አደረሰኝ፤ ሚኒባስ ሳይሞላ ሲወጣ ሸርቆሌ አይቶ የሚያውቅ የለም፣ እስከ ዛሬ ይወራል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ኦሊያድ የሚባል ሐኪም ገና በሩ ላይ ሆኖ አየኝና «እህቴ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ። ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ መጣ። ያልከው ነው። ለዕጢው አንድ ኪኒን፣ ለልቤ ሌላ ኪኒን ሰጡኝ።

መነጽሩም ያልከው ነው። ዐይኖቼ ወጥተዋል፣ እዩ። ስተኛ በደንብ አይከደኑም። ተማሪዎቼ «መምህርት ምን አስደነገጠው?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ፤ ምንም ሳያስደነግጠኝ የደነገጠ ፊት ይዤ እውላለሁ። ፎቶ የከለከልኩህ ለዚህ ነው። ያለህ ፊት የሠርጌ ቀን ፊት ነው፤ እሱን ልቀማህ አልፈለግኩም።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ተቀምጠህ አንብበው።

ወባ ነው ያልኩህ ወባ አልነበረም። ስትሄድ አርግዤ ነበር፤ ያወቅኩት ከሄድክ በኋላ ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ልነግርህ አስቤ፣ በምን ቃል እንደምጽፈው እያማረጥኩ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወረደ። ብኸይታ ናት ያነሣችኝ፣ ያጠበችኝ። «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» አለችና ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ዶክተሩ ከዚሁ ሕመም ጋር ሊያያዝ ይችላል ይላል። ቀደም ብዬ ብታከም ኖሮ ወይ አልኩት፤ «እሱን አትጠይቂ» አለኝ።

አንተ እዚያ ሆነህ እየጸለይክ፣ እኔ እዚህ የጸለይክለትን ቀበርኩ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ና ካልኩህ ትመጣለህ። ጥናቱም ስኮላርሺፑም ይቀራል። ስለዚህ አልልህም።

የወርቅውሃ


ሃይደራባድ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

የወርቄ፣

ብዙ ወረቀት ቀደድኩ።

ለብቻሽ መሆንሽ ነው ያቃጠለኝ። ሁለታችንም እኩል ብናለቅስለት ኖሮ ትንሽ ይቀልሽ ነበር። እኔ ያን ሰሞን ምን ስሠራ እንደነበር አስታወስኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር ገበያ ወጥቼ ላንቺ ሻርፕ እመርጥ ነበር። ቢጫ ይሁን ሰማያዊ ብዬ ተጨንቄ።

ስም አውጥተሽለት ነበር? ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ።

ከስምሽ በታች በትንሹ የጻፍሻትን «ያንተ መድኃኒት ይደርስልኛል?» የምትል ጥያቄ አይቻታለሁ። ሐሴት ፎቶውን ስታነሣ ልትቆርጣት ምንም አልቀራትም ነበር። ብዋሽሽ ይቀለኝ ነበር። አይደርስልሽም። የእኔ ሞለኪውል ሳህን ላይ ተቀባዩን ታበርደዋለች፤ በዐይኔ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ኮሪደሩ ውስጥ ሮጫለሁ። ከሳህን እስከ ኪኒን ግን መንገዱ ረጅም ነው። ብትሳካ እንኳ የምትጠቅመው ዛሬ ሕፃን ለሆነ ሰው ነው። ዶክተሩ የሰጠሽ አሮጌው ኪኒን ተቀባዩን አይነካም፣ ዕጢዋ የምታመርተውን ነው የሚቀንሰው፤ ግን ሰው አድኗል። እሱን አታቋርጪ። ጉሮሮሽን ካመመሽና ትኩሳት ከያዘሽ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የኪኒኑ ጠንቅ ሊሆን ይችላል።

ባል ለሚስቱ «የምሠራው ላንቺ አይደርስም» ብሎ ሲጽፍ ምን እንደሚሰማው አሁን ዐወቅኩ።

ክረምት ላይ እንድሄድ ፕሮፌሰሬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አንቺ ና አላልሽኝም። እኔ ነኝ ልምጣ የምለው።

እዩኤል


ሸርቆሌ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዩዬ፣

ፊደሌን አየኸው? «ሸ»ን ሆን ብዬ ደጋግሜ ጻፍኳት፤ ሸርቆሌ፣ ሸዋሉል፣ ሸክላ። እጄ ተመልሷል። ልቤም ረጋ ብሏል፤ ኮረብታውን ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ ስመለስ ብኸይታ ግቢዋ ካለው ማንጎ የበሰለውን መርጣ ጠበቀችኝ። «አሁን ሥጋ መጣ» ትላለች ክንዴን እየያዘች።

ኪኒኑ ተቋርጦብሽ ነበር ወይ ላልከው፣ አዎ፣ መጋቢት ላይ አሶሳ ጠፍቶ ነበር። ሐሴት አዲስ አበባ ስብሰባ ለሄደ ባልደረባዋ ነግራ አስመጣችልኝ። ቀድሜ ያልነገርኩህ እንዳትጨነቅ ነው፤ ደግሞ ጀመርሽ እንዳትለኝ፣ ይኸው ነገርኩህ።

ዐይኖቼ ግን እንደወጡ ናቸው። ዶክተሩ «ሊገቡም ይችላሉ፣ ላይገቡም» አለኝ። እማዬ ደግሞ «አብሽሪ የኔ አካል፣ የዐይን ቁም ነገሩ ማየቱ ነው፣ መታየቱ አይደለም» ትለኛለች። እሷ ትላለች እንጂ ጎረቤት ሲመጣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ ታደርግልኛለች።

ተማሪዎችሽስ ምን አሉሽ ላልከኝ፣ መነጽሩን ክፍል ውስጥ አወለቅኩት። ከሚንሾካሾኩ ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ተቀባይ» ብዬ ጻፍኩና ያስረዳኸኝን አስረዳኋቸው። ያ ሲስቅ ያስወጣሁት ልጅ፣ ዐወድ ይባላል፣ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ይድናል?»

«ይረጋጋል» አልኩት።

«አንተ ተረጋግቷል» አለኝ። እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ባለፈው በምን እንደሳቀም ጠየቅኩት። ጓደኛው ጫማውን አዟዙሮ አድርጎ መጥቶ ነበር አሉ።

ስም አውጥተሽለት ነበር ብለሃል። እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ስላልቻልኩ ነው። ስም አላወጣሁለትም። በሆዴ ግን «እንግዳዬ» እለው ነበር። ውኃ ስጠጣ፣ «እንግዳዬ፣ ጠጣ» እለው ነበር። ይኸው።

ና፣ እዩ። ናፍቀኸኛል። አሁን ልበለው።

የወርቅውሃ


ሃይደራባድ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የወርቄ፣

ትኬቴ ተቆርጧል። ጳጉሜን ሲገባ አሶሳ ነኝ፤ እስከ መስከረም አጋማሽ አብረን ነን።

«ድምፅህ ለምን ቀዘቀዘ?» ብለሽ ከሐሴት ጋር የላክሽብኝን አሁን ልመልስ። ሞለኪውሏ ወደቀች። ሳህን ላይ ያማረችው፣ አይጦቹ ላይ ስንሞክራት ጉበታቸውን ጎዳች። ፕሮፌሰሬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ተቀባዩ የትም አልሄደም፣ በሌላ በኩል እንይዘዋለን» አለኝ። ለእሱ የአንድ ሞለኪውል ውድቀት ነው፤ ስንቱን ሸኝቷል። እኔ ግን አንቺን አፈርኩ። አይደርስልሽም ብዬ ጽፌልሽ ሳበቃ፣ በልቤ ለካ እያደረስኳት ነበር።

በቀረው ጊዜ ለምን እንደወደቀች እጽፍና እመረቃለሁ። ያልሠራ ነገርም ይጻፋል፤ ሌላው እዚያው እንዳይወድቅ።

አውሮፕላን ማረፊያ ትመጫለሽ? ቤት እጠብቅሃለሁ ብትዪኝም አልቀየምም። ግን ነይ።

እዩኤል


ሸርቆሌ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዩ፣

ሞለኪውሏን እኔ አልጠበቅኳትም። የጠበቅኩት አንተን ነው። እኔን ደግሞ አትፈር፤ ኪኒኔን እየዋጥኩ ቆሜ እሄዳለሁ።

እመጣለሁ። ሐሴትም እማዬም እንሂድ ብለው ነበር፣ ብቻዬን ነው አልኳቸው። ክብደቴ ተመልሷል፣ እንዲያውም ጨምሬያለሁ። ፀጉሬ ሳስቷል፣ ስለዚህ ነጠላ እከናነባለሁ። የቀረውን ታየዋለህ። ሳትደነግጥ ና ብልህ በሰው ላይ የማይቻል ነገር ማዘዝ ነው። ደንግጥ፣ ግን ና።

የወርቅውሃ


ሸርቆሌ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዩዬ፣

በደኅና መግባትህን ሰማሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ ያለው ዝምታ ከአምናው ዝምታ ይለያል። ያምናው ባዶ ነበር፤ የዘንድሮው አንተ የተቀመጥክበት በርጩማ አለው፣ የዐይን ጠብታዬን ማታ ማታ ስታደርግልኝ የቆምክበት ቦታ አለው። አሁን ራሴ አደርገዋለሁ፤ ግማሹ ጉንጬ ላይ ይፈስሳል።

ሦስት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጽፈህልኛል። ሐሴት ዐይኗን ጨፍና እንዳላነሣችው ያወቅኩት ስትሰጠኝ አፍንጫዋ ቀልቶ ስለነበር ነው። አብረን በነበርንበት ጊዜ ሁሉ ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ቀን ሳትናገር ከርመህ፣ ሃይደራባድ ስትገባ ነው የወጣልህ። እኔም ሳላነሣብህ ቀረሁ። አሁን «ሳልፍሽ ምን ተሰማሽ?» ስላልከኝ ልንገርህ።

ከሩቅ አየሁህ። ከስተሃል፣ ሻርፑ አንገትህ ላይ ነው፣ ሰማያዊው። ሕዝቡን በዐይንህ እያበጠርክ መጣህ። ፊቴ ላይ ደረስክ፤ ዐይንህ አረፈብኝ፤ አለፈኝ። በሩ ጠባብ ነበር፣ ሻንጣህን ሰበሰብክና «ይቅርታ እህቴ፣ ይለፉ» አልከኝ።

ይለፉ። እርስዎ።

ሚስትህን እርስዎ አልካት፣ እዩ። በአክብሮት፣ በትሕትና፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ለስድብ እንኳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለአክብሮት ግን አልተዘጋጀሁም። እውነቱን ልንገርህ? አለፍኩ። ይለፉ ስላልከኝ አለፍኩ፤ ትንሽም ሄድኩ። ልሂድና አምባ 14 ገብቼ ልተኛ፣ እሱም የሚያውቃትን የወርቅውሃን ሲፈልግ ይኑር ብዬ አሰብኩ። ዞር ስል ግን በጣትህ ጫፍ ቆመህ ከሰዉ ራስ በላይ እየፈለግከኝ ነበር። እንደዚያ ሲፈልጉኝ አይቼ አላውቅም። በእኔ ቦታ ማንም ቢሆን መቆም አይችልም ነበር። «እዩ!» ብዬ የጠራሁህ ያኔ ነው።

ድምፄን ስትሰማ ሳታየኝ ነው ማልቀስ የጀመርከው። ከዚያ አየኸኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ፖሊሱም ያውቀዋል፣ መንገድ ዘጋችሁ ብሎን ነበር።

ዶክተር ኦሊያድ ትናንት አይቶኛል። የደሜ ውጤት ጥሩ ነው፤ ኪኒኑን ይቀንስልኛል። ዐይኖቼ የወጡትን ያህል እንደሚቀሩ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ከዚህ በላይ ግን አይወጡም። ልጅ ስለመሞከር ጠየቅኩት። አንድ ዓመት እንጠብቅ ይላል። ዓመት ምን አለው? አንተም እስከዚያ ትመጣለህ።

ይቅርታህን አልቀበልም፤ የበደልከኝ የለም። የምታውቀውን ፊት ስትፈልግ ነው ያለፍከኝ። ይህንን አታውቀውም ነበር፤ አሁን ታውቀዋለህ፣ በጣትህ ነክተኸዋል።

ሰኔ ላይ ተመርቀህ ስትመጣ እዚያው ቦታ እቆማለሁ፣ ከሰዉ መሀል። እጄን አላወጣም፣ አልጠራህም፤ ዝም እላለሁ። በሩ ቢጠብ ቢሰፋ፣ አንተው መጥተህ ፊቴ ቁምና «አንቺ» በለኝ።

የወርቅውሃ